ዘልዬ ያለፍኩት የጀልባው ምዕራፍ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለበትም፤ የተዘረፈ ወይም የተቃጠለ ነገር የለበትም። አንድ ቁም ሳጥን ከአራተኛ ፎቅ ወረደ፣ ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ወር መምህራችን “በሕይወታችሁ ውስጥ ስለገባ መጽሐፍ ጻፉ” ሲሉን ግን ሌላ ነገር ሊመጣልኝ አልቻለም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይህ ሦስተኛው ነው።

መጽሐፉን የገዛሁት ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ስቀይር፣ አሮጌ መጻሕፍት ላስቲክ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። መጽሐፉ ሽፋኑ ተገንጥሏል። መርከቡ ተሰባብሮ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ብቻውን ስለቀረ ሰው የሚተርክ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ ልብ ወለድ ነው። ለራሴ ብዬ ገዛሁት፤ ባለቤቱ የሆነው ግን አባቴ ነው።

አባቴ አናጢ ነው። እናቴ በሕፃንነቴ ስላረፈች ያሳደገኝ እሱ ነው። መካኒሳ አቦ፣ መንገድ ዳር፣ ሰፊ በር ያለው ሥራ ቤት ነበረው። መንገዱ ሲሰፋ ሥራ ቤቱም ጎረቤቱም ተነሣ፤ እኛም ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራየን። ከሥራ ቤቱ ይዞ የመጣው የመሣሪያ ሣጥኑን ብቻ ነው። ሳሎኑ ጥግ አስቀምጦ አምስት ወር ሙሉ አልከፈተውም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠዋት ትቼው በሄድኩበት ወንበር ላይ አገኘዋለሁ። “ምን ተማርሽ?” ይለኛል፤ መልሱን ግን አይሰማም።

አንድ ቀን ዝምታው ሲከብደኝ መጽሐፉን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሰውዬው ከተሰባበረው መርከብ ዕቃ የሚያወጣበት ቦታ ላይ ስደርስ አባቴ ቀና አለ።

“ምን አወጣ አልሽ?”

“የአናጢ ሣጥን።”

“ምግቡን ትቶ?”

“ምግቡንም ወስዷል።”

“ይሄ ነው ሰው!” አለና ተነሥቶ የራሱን ሣጥን ከፈተ። መሮዎቹ ዝገው ነበር። በማግስቱ ሲስላቸው ዋለ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የድሮ ደንበኛው ከመካኒሳ ደወለ። ልጁን ከፋሲካ በኋላ ሊድር ነው፤ ለሙሽሪት ባለ ሦስት በር የዋንዛ ቁም ሳጥን ይፈልጋል። አባቴ ሳሎናችንን ሥራ ቤት አደረገው። ፍራሾቻችን ወደ ውስጥ ገቡ። እሱ ሲልግ እኔ አነባለሁ፤ መዶሻ ሲያነሣ ዝም እላለሁ። ደሴቱ ላይ ያለው ሰውዬ መጠለያ ሲሠራ፣ ፍየል ሲያለምድ፣ ከጭቃ ድስት ሲያበጅ፣ አባቴ እንደ ሥራ ባልደረባው ይሟገተዋል።

“ጭቃው ሳይደርቅ እሳት ላይ ጣደው እኮ! ሰው ቢጠይቅ ምን ነበረበት?”

“ማንን ይጠይቅ አባዬ? ብቻውን ነው።”

“እሱስ እውነት ነው” ይልና መላጊያውን ያነሣል።

ከእኛ በታች፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረታ የወጡ ነርስ የግቢው ዕድር ሰብሳቢ ናቸው። አንድ ከሰዓት መዶሻው ሲበዛባቸው መጥተው በራችን ላይ ቆሙ።

“ወንድሜ፣ ከራሴ በላይ መርከብ እየሠሩ ነው እንዴ? ለእኛም ቦታ ይያዙልን እንጂ!”

“ቁም ሳጥን ነው እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁን አቆማለሁ።”

“ለጩኸቱስ ግድ የለም። ስምዎን ልመዘግብ ነው የመጣሁት። ግማሽ ዓመት ሊሞላዎት ነው፣ እስካሁን ዕድር የለዎትም።”

አባቴ እጁን በሽርጡ ጠረገ። እናቴን የቀበራት የመካኒሳው ዕድር ነው፤ ሰፈሩ ሲነሣ ግን አባላቱ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። “የሃያ ዓመት ዕድሬ በአንድ ወር ሲፈርስ አይቻለሁ” አላቸው። “ሁለተኛ አልገባም። ልጄ የምታነብልኝ ሰውዬ ስንት ዘመን ያለ ዕድር ኖሯል።”

“መኖሩንስ ኖረ” አሉ። “ቢሞት ማን ሊቀብረው ነበር?”

አባቴ ሳቀና ወደ እንጨቱ ተመለሰ።

የእኔ ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ለእሱ ሳነብ እንዳልደናቀፍ ምዕራፉን ቀድሜ ማየት ለምጄ ነበር። ኮላ ሊገዛ በወጣበት ቀን የጀልባውን ምዕራፍ ቀድሜ አነበብኩ። ሰውዬው ትልቅ ዛፍ ጥሎ፣ ወራት ፈጅቶ ጀልባ ይጠርባል። ሲጨርስ ወደ ባሕር ሊያደርሰው አልቻለም፤ ይከብዳል፣ ባሕሩም ይርቃል። ሥራው ስለጣመው ይህን አስቀድሞ አላሰበበትም።

መጽሐፉን ዘጋሁት። የቁም ሳጥኑ ጎኖች ገና ሳይጋጠሙ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የአባቴን ሜትር ይዤ ወጣሁና ደረጃው የሚታጠፍበትን ቦታ ለካሁ። ተመልሼ ጎኑን ለካሁ። እንደገና ወጥቼ ለካሁ። ያው ነው፤ ሳጥኑ ከተጋጠመ መታጠፊያው ላይ አይዞርም።

አባቴ ይህን እንዴት ሳያስብ ቀረ የሚል ሰው ይኖራል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ማለት ለእሱ አልቆ በሰፊው በር ተገፍቶ ጋሪ ላይ የሚጫን ዕቃ ነበር። ደረጃ በሥራው ውስጥ ኖሮ አያውቅም። የሚያጋጥመውም እንጨቱን ጥርስ አውጥቶ በኮላ ነው፤ ብሎን ለእሱ የሰነፍ ሥራ ነው። ኮላው አንዴ ከደረቀ በመጋዝ ካልሆነ አይለያይም።

ኮላውን ይዞ እያፏጨ ገባ። ከመካኒሳ ከወጣን ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። “እሺ፣ የት ደረስን?” አለኝ። ሜትሩ ገና ኪሴ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ መንገር ነበረብኝ። ያን ፉጨት ማቋረጥ ግን አቃተኝ። የጀልባውን ምዕራፍ ዘልዬ ከእህል አጨዳው ጀመርኩ፤ እሱም ጎኖቹን ማጋጠም ጀመረ።

ጥቂት ቆይቶ “ጀልባ አልሠራም እንዴ?” አለ። “ዙሪያው ባሕር ነው፣ መሣሪያ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ሳይሞክር አይቀርም።”

“ኋላ ይሠራ ይሆናል” አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት፣ ደንበኛው አይሱዙና ሁለት ተሸካሚዎች ይዞ መጣ። ቁም ሳጥኑ በሩን አለፈ። መታጠፊያው ላይ ቆመ። አቆሙት፣ አጋደሙት፣ ወደ ኋላ መለሱት። ደንበኛው ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ አንደኛው ተሸካሚ ላቡን ጠርጎ፣ “ጋሼ፣ ሙሽሮቹ እዚሁ መጥተው ይኑሩ እንጂ ይሄ አይወርድም” አለ።

አባቴ ወደ ቤት ገብቶ መጋዝ ይዞ ወጣ። መጋዙን እንጨቱ ላይ ሲያሳርፍ እጁን ያዝኩት።

“ለክቼው ነበር” አልኩ።

“መቼ?”

“ሳይጋጠም በፊት። ሰውዬውም ጀልባ ሠርቶ ነበር፤ ባሕር ማድረስ አቃተው። ዘልዬው ነው።”

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መጋዙን ደረጃው ላይ አስቀመጠና ከታች፣ ከግቢው የሚመጣውን ድምፅ አዳመጠ። የዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ነበር። ብቻውን ወረደ፤ ተከተልኩት።

አባላቱ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ፣ “እትዬ፣ የድንኳኑን ገመድ ያውሱኝ” አለ።

“የዕድር ገመድ ለሐዘን ነው” አለ አንድ ሰው ከኋላ። “አባል ላልሆነ ሰውማ ጭራሽ!”

ሰብሳቢዋ በእጃቸው ዝም አሰኙት። “ወንድሜ፣ ዛሬ ቁም ሳጥኑ ነው። የእርስዎ ቀን ሲደርስስ ያን ደረጃ በማን ትከሻ ነው የሚወርዱት?”

አባቴ ወደ አራተኛው ፎቅ ቀና አለ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የእኔን ትከሻ ያየ መሰለኝ።

“እሱን አልለካሁትም” አለ።

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢዋ መዝገባቸውን ገልጠው፣ “ሙሉ ስም?” አሉት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተነሣ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ከጸሎት ሲመለሱ ደርሰው ኮታቸውን አወለቁ። “ጋሽዬ፣ መዝሙር ብቻ እኮ አይደለም የምንችለው!” ቁም ሳጥኑ ወደ ሳሎናችን ተመለሰ፤ የበረንዳችን በር ተነቀለ። ገመዱ በበረንዳው የሲሚንቶ ምሰሶ ዞረ። አባቴ “ላላ! ያዝ! ላላ!” እያለ ሲያዝ፣ ሳጥኑ በግድግዳው በኩል ቀስ እያለ ወረደ። ሰብሳቢዋ ከራሳቸው በረንዳ ትራስ አውጥተው ግድግዳው እንዳይፍቀው ደገፉት፤ “ይኸው፣ መርከቡ በደጄ አለፈ!” አሉ። ቢሆንም አንዱ ጠርዝ ተፋቀ። አባቴ አይሱዙው ላይ ወጥቶ የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ አሸው፤ ከዚያ መኪናው ሄደ።

ሳሎናችን ባዶ ሆኖ ጠበቀን። ፍቅፋቂው እንኳ አልተጠረገም።

“አምጪው” አለኝ።

“ምኑን?”

“የዘለልሽውን።”

ዓይኔን ሳላነሣ አነበብኩለት። ምንም ሳይሠራ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ጀልባው ባለበት እንዲቀር የተፈረደበት ቦታ ላይ ስደርስ ራሱን ነቀነቀ።

“ገመድ የሚይዝለት አልነበረውማ” አለ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ “ሁለተኛ የለካሽውን አትደብቂኝ” አለ።

“እሺ፣ አባዬ።”

“ቀጥዪ።”

ቀጠልኩ። እሑድ፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።