ሦስት ምስክር ለአንድ ጠርሙስ ሽሮፕ

ቅዳሜ ንጋት፣ ኤድመንተን

ጸሎቴን አድርሼ፣ ጠርሙሱን በሹራብ ጠቅልዬ ወጣሁ። ከቻይናታውን የተገዛ የሳል ሽሮፕ ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ማርና ቅጠላ ቅጠል ያለበት። ሳል ከያዘኝ አምስት ሳምንት ሆነኝ፤ ሽሮፑን ሦስቱን ሳምንት ጠጥቼዋለሁ።

ልጄ ፍሬሕይወት ፋርማሲስት ናት። "እማዬ፣ ይሄ ነገር በቂ ማስረጃ የለውም። ሐኪም ደረትሽን ሳያይ ሕፃኗን አታቅፊም" አለችኝ። አንድ ቤት እየኖርን የልጅ ልጄን ከበር ማዶ ነው የማያት። ክርስትናዋ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነው።

የፍሬ አባት በሳል ሐኪም ቤት ገብቶ አልወጣም። ስለዚህ ሐኪሙን ትቼ ማስረጃውን ልፈልግ ተነሣሁ። ባደግሁበት ቀበሌ ሦስት ምስክር የቀረበለት ነገር እዚያው ያልቃል።

የከተማው ባቡር ሞልቷል። ሳልኩ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ተነሡ። ተመስገን፣ እስከ ሃክኒ ተቀምጬ ሄድኩ።

ረፋድ፣ ሃክኒ

ጋሽ ተኽለ ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሾፌር ናቸው፤ ስለ ሽሮፑ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ፣ ሊፍቱ ተበላሽቷል። ስደርስ ሳሉ ትንፋሽ ነሳኝ። ውሃ ሰጡኝ፣ እግዜር ይስጣቸው።

በደንብ ድነዋል። በምን እንደዳኑ ስጠይቅ ግን ዝርዝሩ ረዘመ፦ ሽሮፑ፣ ጠበሉ፣ ዝንጅብሉ፣ ሐኪሙ ያዘዘላቸው አንቲባዮቲክ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት።

"ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ፣ ጋሽ ተኽለ?"

"ተኽለ ድኗል ብለሽ ጻፊ። ማን እንዳዳነው አትጻፊ፤ ይጣላሉ።"

ጻፍኩ፤ ፈረሙልኝ።

እኩለ ቀን፣ ብሪክስተን

ገበያው ዓሣ፣ ዊግ፣ የስልክ መሸፈኛ፣ አረንጓዴ ሙዝ ነው። ዘይነባ የጨርቅ ሱቅ አላት። አዲስ መጥተን የመኖሪያ ወረቀት ስንጠብቅ አንድ ክፍል ተጋርተናል፤ እሷ ስትሰግድ እኔ ዝም፣ እኔ ስጸልይ እሷ ዝም።

እሷም ሳል ይዟት ነበር፣ ድናለች። የዚያኑ ሽሮፕ ጠርሙሷን አምጥታ አሳየችኝ። ክዳኑ እንደታሸገ ነው።

"አልከፈትሽውም እኮ፣ ዘይነባ።"

"ገዝቼ መደርደሪያ ላይ ባስቀመጥኩት በሦስተኛው ቀን ሳሉ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልክፈተው?"

ይህንንም ጻፍኩ። ለሕፃኗ አንድ ክንድ ነጭ ጨርቅ ቆርጣ ሰጠችኝ። ክርስትናው ባይመለከታት ሕፃኗ ትመለከታታለች አለች። እኔስ ሐኪም የማየው መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጨርቁን አጣጥፌ ተሰናበትኳት።

ከሰዓት በኋላ፣ ቻይናታውን

ሦስተኛዋ ምስክር ሽሮፑን የሸጠችልኝ ሴት ናት፣ እኩያዬ ትሆናለች። ሱቋ እስከ ጣሪያው ትንንሽ መሳቢያ ነው፤ ሥር፣ ልጣጭ፣ የደረቀ አበባ። የሁለታችን እንግሊዝኛ ተደምሮ አንድ ሰው አይሞላም። ቢሆንም ወረቀቱን፣ ጠርሙሱንና ደረቴን እያሳየሁ ለልጄ ምስክርነት እንደምፈልግ አስረዳኋት።

ያኔ ሳሉ መጣብኝ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስኪያበቃ አዳመጠች። ከዚያ በቻይንኛ ሦስት መስመር ጻፈች፤ ከመሳቢያም ቀይ ማኅተም አውጥታ መታችበት። ማኅተም! ሌላ ጠርሙስ ልግዛ ብላት አልሸጥልሽም አለች። ሱቁ ሊዘጋ ይሆናል ብዬ አመስግኜ ወጣሁ።

ማምሻ፣ ኤድመንተን

ወረቀቱን ለፍሬ ሰጠኋት። የጋሽ ተኽለንና የዘይነባን ስታነብ ከንፈሯን ነከሰች። በቻይንኛው ላይ ስልኳን ዘረጋች፤ ስልኩ ይተረጉማል። ሁለቴ አነበበችው።

"ምን ይላል?"

"'ይህች ሴት ሳሏ ከባድ ነው። ሽሮፑ ይጣፍጣል እንጂ ሐኪም አይደለም። ይዘሻት ሂጂ።'"

ማኅተም ያለበትን እንዴት እክዳለሁ?

"ሰኞ ጠዋት እኔው እወስድሻለሁ" አለች። ወረቀቱን እያጠፈች ደግሞ፣ "አባዬን ብቻውን ነበር የላክነው።"

እሺ አልኳት። ነጩን ጨርቅ ለሕፃኗ በእሷ እጅ ላክሁላት፤ እኔ ከበሩ ማዶ ቆሜ ስታለብሳት አየሁ። ጌታ ይመስገን፣ በእግሬ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ።

ጠርሙሱንም ለማንኛውም እንደ ዘይነባ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።