ምን አገባህ የሚባል ውሻ

ባለፈው የገበያ ዕለት ሽንኩርት ሸምቼ ስመለስ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያዩበት ላይ ሸክሜን አውርጄ ቆምሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። አንድ ደላላ በገመድ የታሰረ ቡችላ ከያዘች ወጣት ሴት ጋር ይነታረካል። «ቤቱ አለ፤ ውሻው ግን አይሆንም» ይላታል። «የምፈልገው ለሁለታችን ነው» ትለዋለች። «እንግዲያ እሱ ይከራይልሽ!» ብሏት ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባ። የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። በር አንኳኩቼ «ውሻ አለሽ እንዴ?» እስክባል ድረስ ቆሜ የምጠብቅበት ያ የድሮ ድካም፣ ከስንት ዘመን በኋላ ተመልሶ እግሬ ላይ ወጣብኝ።

ያኔ ልጅ እግር ነበርሁ። የምንኖረው ከርብ ወንዝ ዳር፣ ክረምት ሲመጣ የፎገራ ሜዳ ባሕር ከሚሆንበት ነው። የፎገራ ሰው ውኃ አይፈራም፤ ሩዙም ሣሩም የሚበቅለው በሱ ነው። የዚያ ዓመት ውኃ ግን ሌላ ነበር። ጎተራችንን ገለበጠው፣ ግድግዳውን ናደው፣ ከብቱን ወደ ዳገቱ አሽሽተን በየፊናችን ተበተንን። ባሌ አስቀድሞ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ነበር፤ ወሬውም በዚያው እንደጠፋ ቀረ። አማቼ፣ የባሌ አባት፣ ከእህታቸው ቤት ተጠጉ። እኔም ልጄን ትርንጎን አዝዬ ውሻችንን አስከትዬ ወረታ ገባሁ። የሩዝ ወፍጮ ቤቶቹ የምታበጥር ሴት ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ነው።

የውሻውን ስም ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሱ ነው። ምን አገባህ ይባላል። ያወጡለት አማቼ ናቸው። በሰው ነገር ሁሉ ጥልቅ ከሚል ጎረቤታቸው ጋር ተጣልተው ነበር። በኛ አገር እንዲህ ሲሆን ሰው ለውሻው ወይም ለበሬው ስም ያወጣል፤ ስሙ ለባላጋራው መልእክት ነው። አማቼ ማታ ማታ ደጅ ይወጡና ፊታቸውን ወደ ጎረቤት አዙረው «ምን አገባህ! ኧረ ምን አገባህ!» እያሉ ይጣራሉ። ሰውየው ተናዶ ለሽማግሌ ከሰሳቸው። «እኔ የጠራሁ ውሻዬን፤ እሱን ምን አቤት አሰኘው?» አሉ አማቼ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፍነው ተነሡ።

ትርንጎ ደግሞ አትሰማም። ጡት ሳትጥል የያዛት ትኩሳት ጆሮዋን ይዞ ሄደ። ሜዳ ላይ ስትጫወት ብጠራት አትዞርም። ውሻው ነው የሚሰማው። «ምን አገባህ!» ብዬ ስጮህ ወደኔ አይመጣም፤ ወደሷ ይሮጥና እጇን በአፍንጫው ይነካታል፣ እምቢ ካለች የቀሚሷን ጫፍ ይጎትታል። ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ እኔስ አላስተማርሁትም። እንዲህ እንዲህ እያለ ልጄን ለእራት የምጠራት በውሻው ስም ሆነ።

በገጠር ይህ ቀላል ነው። ወረታ ግን አስፋልት አለ። አይሱዙው፣ ተሳቢው፣ ባጃጁ ጥሩንባውን ይነፋና ሰው ሁሉ የሚሸሽለት መስሎት ይበራል። የኔ ልጅ አትሸሽም። በገባን ሰሞን አንድ የጭነት መኪና ከኋላዋ መጣ። እኔ ከማዶ ነኝ። ውሻው በጎኑ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጣላት። ጉልበቷ ተላጠ እንጂ ተረፈች። ያን ቀን እህል ከአፌ አልገባም። ከዚያ ወዲያ «ውሻውን ተዪውና ቤቱን ውሰጂ» ያለኝን ሁሉ፣ «ልጅሽን አስፋልት ላይ ተዪያት» እንዳለኝ ነው የቆጠርሁት።

ቤት ፍለጋው ከወፍጮ ቤት ስወጣ ነው። ጸጉሬ ላይ የሩዝ ገለባ፣ እግሬ ላይ ያ ጫማ የሚያወልቅ ጥቁር ጭቃ፤ ልጄ የጓያ ንፍሮዋን ከመቀነቴ እየዘገነች ትከተለኛለች። አንዷ፣ «ባል የለሽም? ልጅ አለሽ? ውሻም አለሽ?» አለችና የመጨረሻውን መልስ ሳትሰማ በሩን ዘጋችው። ሌላዋ ለትርንጎ ዳቦ ሰጥታ፣ ራሷንም ዳብሳ፣ «እኛ ቤት ዝክር ይዘከራል፤ ውሻና የዝክር ጠላ አንድ ላይ አይሆንልኝም» አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ውሻውን ትክ ብለው አዩትና፣

«ይጮሃል?» አሉ።

«ኧረ አይጮህም አባባ!»

«የማይጮህ ውሻ ታዲያ ምን ያደርግልኛል?»

እንዲህ ነው፤ መልሱ የቱ እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

በስንት ልመና ጋሽ ይመር የሚባሉ የእህል ነጋዴ ከጓሮ ያለች የጭቃ ቤት አከራዩኝ። ሌባ ስለሚፈሩ ውሻውን አልጠሉትም። ስሙን አልጠየቁኝም፤ እኔም አፌን ያዝሁ። ሰውየው ደግ ናቸው፤ ግን ወሬ ይወዳሉ። ከማን ጋር ቆመሽ ነበር፣ ባልሽ ምን ላከ፣ ለምን ቶሎ ተኛሽ፤ አያልቅባቸውም። አንድ ጧት የድስቴን ክዳን ራሳቸው ከፍተው፣

«ምን እየቀቀልሽ ነው?» ሲሉኝ፣ ትርንጎ የግቢውን በር ከፍታ ወደ አስፋልቱ ስትወጣ ዓይኔ አያት።

«ምን አገባህ!» ብዬ ጮኽሁ።

ጋሽ ይመር ክዳኑን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። «እኔን ነው?»

«ኧረ ጋሼ! ውሻውን ነው!»

«እንዲህ የሚባል ውሻ አለ?»

«ስሙ ነው ጋሼ፣ በልጄ ሞት!»

«እስቲ ጥሪው።»

ፊታቸው ቆሜ ደግሜ ጠራሁ። ውሻው ወደኔ መቼ ሊመጣ፤ ልጅቱን ሊጎትት ሄዷል። ጎረቤቱ በየበሩ ብቅ ብቅ አለ። ጨንቆኝ እንደገና ጠራሁ።

«ሦስት ጊዜ!» አሉ ጋሽ ይመር ክዳኑን ወደ ሰማይ አንሥተው። «በገዛ ግቢዬ፣ በሰው ፊት፣ ሦስት ጊዜ! በይ ዕቃሽን አውጪ።»

ውሻው ትርንጎን ይዞ ሲመለስ እኔ የምንተኛበትን ጀንዲ እየጠቀለልሁ ነበር። ስሙን ልለውጥ ብዬ «ቡቺ» አልሁት፣ «አንበሳ» አልሁት። ጆሮውንም አላቆመልኝ።

ዝናቡ ሊያቆም ሲል ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ቄስ ፈንታ ዘንድ ባዶ ክፍል አለ አሉኝ። ተስፋ ኖሮኝ አይደለም የሄድሁት፤ ያልተጠየቀ በር ስላልቀረ ነው። የወጡት ባለቤታቸው እትዬ አበቡ ናቸው። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። «የኔ ልጅ፣ ቄሱ ቀዳሽ ናቸው። ውሻ ቢነካቸው ያን ቀን መቅደስ እንዴት አድርገው ይገባሉ? አይሆንም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጥቂት ልረፍ ብዬ በራቸው ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ አልሁ። ትርንጎ ከማዶ የገለባ ክምር ላይ ትንሸራተታለች፤ ውሻው ከታች ሆኖ ይጠብቃታል።

ቄሱ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። «ያች ልጅ ያንቺ ናት?»

«የኔ ናት አባ።»

«ጥሪያትና ውኃ ትጠጣ።»

ሄጄ ላመጣት ተነሣሁ።

«ምነው?»

«አትሰማም አባ። ውሻውን ነው የምጠራው፤ እሱ ያመጣታል።»

«ታዲያ እሱን ጥሪዋ።»

«ስሙ… በእርስዎ ፊት አይሆንም አባ።»

«ስድብ ነው?»

«ስድብስ አይደለም።» ቆየሁና፣ «ስድብ ነው አባ» አልሁ።

«ጥሪው ብየሻለሁ።»

ይህም ቤት ሄደ አልሁ በልቤ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ዓይኔን መሬት ተክዬ፣ «ምን አገባህ!» ብዬ ጠራሁ። እትዬ አበቡ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ውሻው ክምሩ ላይ ወጣ፣ ቀሚሷን ነከሰ፣ ልጄ እየሳቀች ወረደችና ወደኛ ሮጠች። መንገዱ ዳር ሲደርሱ እፊቷ ቆመባት። አንድ ጋሪ አለፈ። ከዚያ ለቀቃትና ተሻገሩ።

ቄሱ ልጄ ውኃዋን ጠጥታ ጣሳውን እስክትመልስ ድረስ አዩዋት።

«አበቡ፣ የጓሮው በር ይከፈታል?»

«ይከፈታል፤ ግን ሰው ምን…»

«ውሻው በዚያ ይግባ፣ በዚያ ይውጣ። እኔ በፊት በር ነኝ። አንቺም ልጄ፣ ለቅዳሴ እስክወጣ ድረስ ውሻውን እሰሪልኝ። ሰው አንድ ነገር ያለ እንደሆነ የምመልሰው እኔ ነኝ።»

ሰውም መናገሩ አልቀረም። ከመስቀል በኋላ የደብሩ ሰዎች መጥተው፣ «አባታችን፣ ካህን ሆነው ውሻ ያሳድራሉ ይባላል» አሏቸው። ቄሱ ወደ ጓሮ ዞረው፣ በዚያ ማሕሌት በለመደ ድምፃቸው «ምን አገባህ!» አሉ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ማንን ነው አባታችን?» አለ አንዱ ፈራ ተባ እያለ።

«ልጅ እየጠራሁ ነው» አሉ። እውነትም ትርንጎ እጇ በእርጎ እንደተጨማለቀ ከጓሮ ብቅ አለች።

ቤት አገኘሁ እንጂ እረፍት አላገኘሁም፤ ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ውሻው ታስሮ በሚያለቅስባት በዚያች የማለዳ ሰዓት የልጄን እጅ ይዤ፣ ቄሱ እስኪወጡ በሩን አይ ነበር። ወፍጮ ቤት ሆኜ ጥሩንባ በሰማሁ ቁጥር ወንፊቴ ከእጄ ይወድቅ ነበር። ውሻው አርጅቶ ሲሞት እሷ ትልቅ ልጅ ነበረች፤ መንገዱን በዓይኗ መጠበቅ ተምራለች። በቄሱ ጓሮ ውስጥ ቀበርነው። ሌላ ጊዜ ድምፅ ሳታሰማ የምታለቅሰው ልጄ ያን ቀን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

አሁን ሐሙሲት ነው የምትኖረው፤ ልብስ ትሰፋለች። ያን የገበያ ዕለትም መንገዶቹ ከሚለያዩበት የቆምሁት እሷንም ስጠብቅ ነበር። ከሚኒባስ ወርዳ ፊቴን አየች፣ ምን ሆነሽ ብላ በእጇ ጠየቀችኝ። ድካም ነው አልኋት። ሽንኩርቱን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ግራና ቀኝ አየች፣ እጄን ይዛ አስፋልቱን አሻገረችኝ። እናት ልጇ ስታድግ ፍርሃቱ የሚለቃት ይመስላታል፤ አይለቅም፣ አብሮ ይኖራል። መሐል ስንደርስ አንድ አይሱዙ ከጎናችን ጥሩንባውን ነፋ። እኔ ደነገጥሁ። እሷ ግን አልደነገጠችም፤ ቀድማ አይታው ነበር።