የሾፌሮቹ ቀለም

ይስሃቅ አይዋሽም። አሰላ ጋራዥ ሰፈር ይህ እንደ ሙያ ጉድለት ይቆጠርበታል። አሮጌ መኪና ቀለም አስቀብቶ መሸጥ የሚፈልግ ደላላ አንዴ ይሞክረውና አይመለስም፤ ገዢው መጥቶ «ስሩ ዝገት አለው?» ካለው፣ ይስሃቅ «አለው» ይላል።

ዕድሜው ሃምሳ ሦስት ነው። ሙያውን የተማረው ናዝሬት፣ አጎቱ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለ ጭንብል ቀለም ረጭቷል፤ ደረቱ ጤና የለውም። እሁድ እሁድ ከሚስቱ ከትርፌ ጋር ቸርች ከፊት ይቀመጣል። ሾፌሮች «ፓስተር» ይሉታል። ፓስተር አይደለም።

ትልቁ ሥራ የመጣለት ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ለገጠር ውሃ የሚያወጣ አንድ ፕሮጀክት ዘጠኝ ፒክአፕ ይዞ አሰላ ገባ። መኪኖቹ ወደ ጎበሳ፣ ጢቾና አርቦዬ ይመላለሳሉ። ኮረቱ ከስር ይወግራቸዋል፤ ጭቃው መኪናውን በሚሸከመው ብረት፣ በሻንሲው ላይ ተለጥፎ ይከርማል። በዓመቱ ከፊት ፓራውልቱም፣ ከላይ ፖርቶመጋላውም፣ ከስር ሻንሲውም በዝገት ቀይ ሆነ። የስምሪት ኃላፊው አቶ በእውቀቱ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ፣ ጫማውን በቀን ሁለቴ የሚያስጠርግ ሰው ነው። ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚረጨውን፣ የሚያብረቀርቀውን ውድ ቀለም ፈለገ። ይስሃቅ አይሆንም አለ።

«ጠንካራ አይደለም እንዴ?» አለ በእውቀቱ።

«ጠንካራ ነው።»

«ታዲያ?»

«የጎበሳ መንገድ ይበልጠዋል። የማይላጥ ቀለም የለም። ሲላጥ ማን ያድሰው ነው ጥያቄው። ይሄኛው ኮምፕሬሰር ይፈልጋል፣ እኔን ይፈልጋል። ክረምት ላይ ደግሞ በአሰላ ብርድ በቅጡ አይደርቅም።»

«አንተ የምትለውስ?»

«ተራ ጥቁር የዘይት ቀለም፣ የማያብረቀርቅ። ሾፌሩ ራሱ በብሩሽ ይቀባዋል። በነጋታው የቱ ጋ እንደቀባ አይለይም።»

በእውቀቱ አላመነም። ይስሃቅ ሁለት ላሜራ ቆረጠ። አንዱን በጠንካራው፣ አንዱን በጥቁሩ ቀባ። ሁለቱንም በኮረት ደበደባቸውና ክረምቱን ሙሉ ጣሪያ ላይ ተዋቸው፤ ጥቁሩን ብቻ በየሳምንቱ በብሩሽ ነካ ነካ ያደርገው ነበር። መስቀል ሲደርስ አወረዳቸው። ጠንካራው በተመታበት በኩል ውሃ ገብቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል። ጥቁሩ እንደነበረ ነው። በእውቀቱ በጥፍሩ ፋቀው።

«አሸንፈኸኛል» አለ።

ዘጠኙም መኪና ከስር ጥቁር ሆነ። እያንዳንዱ ሾፌር ከወንበሩ ኋላ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ሙሉ ቀለምና አንድ ብሩሽ ይይዛል። ይስሃቅ ጣሳውን ሲሰጥ አንድ ነገር ሳያስደግም አይለቅም፦ «በሽቦ ብሩሽ ፋቀው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ቀባው።» ሾፌሮቹ «አሜን» ይሉታል።

አልፋቁም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በእውቀቱ ነጭ ሶፍት ይዞ መኪኖቹ ስር ይንበረከክና ብረቱን ያብሳል። ሶፍቱ ቀይ ይዞ ከወጣ መኪናው ከስምሪት ይወጣል፤ ሾፌሩ ሳምንቱን ያለ ውሎ አበል ከተማ ይቀመጣል። ስለዚህ እሁድ ከሰዓት ዘጠኝ ሾፌር በጀርባው ተኝቶ ይቀባል። ዝገት ላይ፣ ጭቃ ላይ፣ እርጥብ ብረት ላይ። ሰኞ ሶፍቱ ነጭ ይሆናል፤ ሾፌሩም «ዝገት የለም» የሚል ቅጽ ላይ ይፈርማል። ይስሃቅ ያውቅ ነበር። አንድ ሁለቴ ተቆጣ፤ ከዚያ ተወው። ከፕሮጀክቱ ሌላ ደንበኛ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ከሾፌሮቹ ወዳጁ የጢቾው ደገፋ ነው። አምና ሰኔ፣ አንድ ቅዳሜ መጣ።

«ፓስተር፣ ጣሳዬ አልቋል። ሙላልኝ።»

«ባለፈው ወር ሞልቼልሃለሁ። ትጠጣዋለህ እንዴ?»

«ቢራውን ኃጢአት ነው ስትለኝ ምን ልጠጣ ታዲያ?»

ይስሃቅ እየሳቀ መዶሻ አንስቶ መኪናው ፊት ተንበረከከ። መጎተቻው መንጠቆ የተበየደበትን የሻንሲ ጫፍ መታ። ደህና ብረት ሲመታ ይጮኻል። ይሄ ድፍን ድምፅ ሰጠ። ደገመው። የጥቁር ቀለም ቅርፊት ተነሣና ከስሩ ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ።

«ደገፋ፣ ይሄ አልቆለታል። ቀለም አይደለም የሚያስፈልገው። ተቆርጦ አዲስ ብረት ይበየድበት።»

«መቼ አጣሁት? ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። በእውቀቱ ሶፍቱን ያሳየኛል። ‹ነጭ ነው፣ ምን ሆነ ትላለህ› ይለኛል።»

«በጽሑፍ ጠይቀው።»

«ማን ሊያነበው? ማሎ፣ ይስሃቅ! ሰኞ የፓምፕ ቴክኒሻኑን ሔኖክን ይዤ ጎበሳ መውጣት አለብኝ። ፓምፑ ከተበላሸ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ሰዉ የወንዝ ውሃ ነው የሚጠጣው። ሙላልኝ በቃ።»

«በዚህ መንጠቆ እንዳትጎተት።»

«ቶሌ፣ አልጎተትም።»

ሞላለት።

ሰኞ ዕለት፣ ጎበሳ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ገብስ የጫነ የጭነት መኪና ሊጎትተው ቆመ። ከፊት በኩል ሌላ ማሰሪያ የለም፤ ዝናቡ እየመጣ ነው። ደገፋ ሰንሰለቱን ከመንጠቆው ላይ አሰረ። ሔኖክ ከጎን ቆሞ አቅጣጫ ያሳያል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። የጭነት መኪናው ሲስብ መንጠቆው ከነብረቱ ተነቅሎ ወጣና ሔኖክን ደረቱን መታው። ሕክምና ሳይደርስ ሞተ።

ደገፋ ታሰረ። በእውቀቱ የሰኞ ቅጾቹን አቀረበ፤ ሁሉም «ዝገት የለም» ይላሉ፣ በሁሉም ላይ የደገፋ ፊርማ አለ። ጉዳዩ አንድ ጥያቄ ላይ ቆመ፦ ደገፋ ብረቱ መበስበሱን ያውቅ ነበር ወይ? እሱ አላውቅም ብሏል። ያውቅ እንደነበር መናገር የሚችል ይስሃቅ ብቻ ነው።

ቃሉን ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው የደገፋ ሚስት ወርቅቱ ቤቱ መጣች። ትርፌ ወንበር ሰጠቻት፤ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ ይስሃቅ፣ ነገ ይጠሩዎታል አሉ።»

«አዎ።»

«አንድ ቃል ነው። አላየሁም ይበሉ።»

«አይቻለሁ እኮ፣ ወርቅቱ።»

«ማየትዎን እግዜር ያውቃል። ፖሊስ ምን ይሠራለታል?»

«ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ሦስት ጊዜ መጠየቁን፣ በእውቀቱ መከልከሉን፣ አንድ ሳላስቀር።»

«እርስዎማ ሁሉንም ይናገራሉ» አለች። «የትኛውን ይጽፉታል?»

መርማሪዋ ሶፊ የምትባል ወጣት ነበረች። ትሑት ናት፤ ወንበሩን ራሷ አቀረበችለት።

«ቀለሙን የመረጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን መረጡት?»

«ለማደስ ስለሚቀል።»

«ለመደበቅም ይቀላላ።»

ይስሃቅ ጣሪያ ላይ የተላጠውን ላሜራ አስታወሰ። ጠንካራው ቀለም ቢሆን ኖሮ ዝገቱ ገፍቶት ይወጣ ነበር። ሶፍት አያስፈልግም፤ ከመንገድ ማዶ የቆመ ሰው ያየው ነበር። በእውቀቱም ያየው ነበር።

«አዎ» አለ፤ «ይቀላል።»

«መበስበሱን ለሾፌሩ ነግረውታል?»

«ነግሬዋለሁ። እሱም ጥገና ሦስት ጊዜ ጠይቆ መከልከሉን ነገረኝ።»

«ሲጠይቅ እዚያ ነበሩ?»

«አልነበርኩም።»

«የጠየቀበትን ወረቀት አይተዋል?»

«በአፉ ነው የጠየቀው።»

«እንግዲህ እሱ የነገረዎት ነው፤ ያዩት አይደለም» አለችና ጽፋ ጨረሰች። «እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ ጋሼ።»

አነበበው። ሐሰት አጣበት። እያንዳንዱ መስመር ከአፉ የወጣ ነው። የበእውቀቱ ስም ግን የትም የለም።

«የቀረውስ?»

«የቀረውን ተከሳሹ ራሱ ያስረዳል።»

ፈረመ።

ደገፋ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ተፈረደበት። በእውቀቱ ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት። የፕሮጀክቱ መኪኖች ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዱ፤ ለይስሃቅ ምክንያቱን የነገረው የለም። ቸርች ውስጥ ሽማግሌዎቹ እጁን ጨብጠው «ለእውነት ቆመሃል» አሉት።

ኅዳር ላይ ዳቦና ብርቱካን ይዞ ማረሚያ ቤት ሄደ። ደገፋ ከስቶ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ቆመ።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ልጠይቅህ።»

«ጠየቅኸኝ።»

«ደገፋ፣ እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«ዋሸህ አልኩህ? አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። በመዶሻ ስትመታው አወቅህ፣ አይደል?»

«አወቅሁ።»

«ታዲያ ጣሳውን ለምን ሞላህልኝ?»

መርማሪዋ ይህን አልጠየቀችውም። ዳኛውም አልጠየቀውም።

«ስለለመንከኝ» አለ ይስሃቅ።

«እኔም ስለላኩኝ ነው የሄድኩት» አለ ደገፋ።

ዳቦውንና ብርቱካኑን በጠባቂው በኩል ተቀበለ። በሚቀጥለው የመጠየቂያ ቀን ይስሃቅ ሲመጣ ጠባቂው በር ላይ አስቆመው። ታራሚው ሊያየው እንደማይፈልግ ነገረው።