ፈዛዛው ወርቅና ነጩ ጠጠር

ልጆቹ «እምዬ፣ ያን ጎንደር የሄድሽበትን ጉዞ ንገሪንና እንጻፈው» አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እነሱ ይጻፉ፣ እኔ ልናገር።

ኮሶዬ፣ ጎህ ሲቀድ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሾፌሩ የሚኒባሱን መስታወት በጋቢው ጫፍ ይወለውላል። እኔ አንገቴን ይዤ ተሳፈርሁ። ማተቤ ላይ አባቴ ቆላ ወርዶ ከወንዝ አሸዋ አጥቦ ያመጣት፣ ባቄላ የምታህል ወርቅ አለች። ለልጅ ልጄ ለውዴ ሠርግ ልሰጣት ብዬ ለዘመድ ባሳይ፣ የሙሽራው አክስት እንጉዳይ አገላብጣ አየቻት።

«ምነው እንዲህ ነጣች? አባትሽ ብር ቀላቅሎባት ይሆናል» አለች።

ሰው ሳቀ። ውዴ አንገቷን ደፋች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

እና ላስመረምራት መሄዴ ነው። አንጥረኛው ንጽሕና የላትም እንዳይለኝ ትናንት ደጃፌ ቁጭ ብዬ በአመድና በሎሚ አሸኋት። ጎኗ ላይ ተሰንቅራ የኖረችውን ነጭ ጠጠርም በወስፌ ፈልቅቄ ጣልሁ።

መንገድ ላይ

የገብስ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ የድንች ጆንያ ላይ የተቀመጡ ሴቶች። ሾፌሩ በመስታወት ያየኛል።

«ምነው እማማ፣ አንገትዎን አንቀው ያዙ? እኔ እኮ አላርድዎም።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። «ብርድ ነው፣ ልጄ» አልሁ። አልቦኝ ነበር።

ጎንደር አራዳ፣ ረፋድ ላይ

አንጥረኛው አያ ሰይድ ሽማግሌ ነው። ወርቄን ጥቁር ድንጋይ ላይ ጫር አደረጋት፤ ከጎኗ የራሱን ወርቅ ጫረ። የሱ መስመር እንደ እንቁላል አስኳል፣ የኔ እንደ ገለባ። አሲድ ጠብ አደረገበት።

«ናስ ቢሆን አረንጓዴ አረፋ ደፍቆ ይጠፋ ነበር። አልጠፋም። ብር ብቻ ብትሆንም እንዲህ አትከብድም።»

«እንግዲያ ምንድን ናት?»

«ወርቅና ብር አብረው። ብሩ ነው ያነጣት።»

«አባቴ ቀላቅሎ ነው?»

«ምድርም ትቀላቅላለች። ወርቅ ከአለት ሲወጣ ብሩን ይዞ የሚወጣበት ጊዜ አለ።» ጎኗን በጥፍሩ ዳበሰ። «እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ምን ነበር?»

«ነጭ ጠጠር። ቆሻሻ መስሎኝ ትናንት ጣልኋት።»

«ወይ አንቺ፣ ምስክርሽን ነው የጣልሽው። ሰው አቅልጦ ቢቀላቅላት ጠጠሯ እንዲያ ተሰንቅራ አትቀርም። አሁን እኔ በምን ልማል?» ወርቄን እያገላበጠ፣ «በጨውና በእሳት ላይዋን ቢጫ ላድርግልሽ?» አለኝ።

«ውስጧ ያው ከሆነስ? ይቅር።»

ኮሶዬ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ

ከማኪናው እንደወረድሁ ደጃፌ ላይ ተንበርክኬ አፈሩን በመዳፌ ማበጠር ያዝሁ። እንጉዳይ ስታልፍ አየችኝ።

«ምን ጠፋብሽ?»

አያ ሰይድ ያለኝን ሁሉ፣ ቀና ሳልል ነገርኋት። ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ተንበረከከች። ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ፈለግን። አልተገኘችም።

ውዴ ወርቋን እንደነጣች አሰረቻት። እኔ ሠርጉን ሁሉ ጥግ ይዤ ዋልሁ።

ከዓመታት በኋላ እንጉዳይ ስታርፍ ልጇ አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ ይዛልኝ መጣች። «እናቴ 'በሰው ፊት ተናግሬ ነበርና አፍሬ ነው በያት' ብላኛለች» አለችኝ። ፈታኋት። ነጭ ጠጠር። ያን ምሽት አጠገቤ ተንበርክካ ሳለች አግኝታት ኖሯል።