የአለምነህ ቦርሳ

ፋብሪካው በዓመት አንዴ ለሽርሽር ይወስደናል። የዘንድሮው ወደ ገሊላ ተራራ ነው ሲሉን እኔ በበኩሌ ደስ አላለኝም። ሃያ ዓመት ቆሜ ካርቶን ያሸግኩ ሴት ነኝ፤ ሽርሽር ለእኔ ጫማ አውልቆ መተኛት ነው።

ከምንኖርባት የእስራኤል ከተማ ከቂርያት ማላኪ በጧት ስንነሳ አለምነህ አጠገቤ ተቀመጠ። ሥራ ላይ እኔ አሽጋለሁ፣ እሱ ያነሳል። ወገቡ የጎበጠው ዓይኔ እያየ ነው። ብዙ አያወራም፤ ካወራም ጎንደር ስለቀረው ታናሽ ወንድሙ ስለ ካሣዬ ነው። ወደዚህ ወደ እስራኤል ለመምጣት የካሣዬ ሚስት ወረቀት አልተሟላም ተብሎ ይኸው ስንት ዓመት «ጠብቁ» ይባላሉ። አለምነህ በየቢሮው ደጅ ጠንቶ ጠንቶ፣ አሁን መጠየቁንም ትቶታል።

ያን ቀን ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሷል። ጭኑ ላይ ከባድ ቦርሳ አቅፏል።

«ሙሽራ መስለሃል» አልኩት። «ምሳህ ነው? ለሠላሳ ሰው ይበቃል።»

ፈገግ አለና ዓይኑን ጨፈነ።

መጀመሪያ ድሩዝ የሚባሉት የገሊላ ዐረቦች መንደር ገባን። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ስስ ቂጣ ጋግራ፣ እርጎ ቀብታ በእጇ አቀረበችልን። አለምነህ «ሆዴን አሞኛል» ብሎ መለሰላት። ሴትዮዋ ቅር አላት። እኔ አፈርኩና ድርሻውን በወረቀት ጠቅልዬ ያዝኩለት።

ከዚያ አስጎብኚያችን ናዓማ «ያላ፣ እንሂድ!» ብላ ዳገቱን አስጀመረችን። አለምነህ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አወጣ። ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቱ ከዳውና ተቀመጠ። ውሃ ብሰጠው እምቢ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?» ብዬ ቦርሳውን ከፈትኩት። ድንጋይ ነው። ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ያነሳው ድንጋይ!

እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝና ገባኝ። አገር ቤት በስግድ፣ በእኛ በቤተ እስራኤሎች የጾምና የጸሎት በዓል፣ ሰው ተራራ የሚወጣው ጾሞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ነበር። እዚህ ግን ሕዝቡ ለስግድ ኢየሩሳሌም ሲወጣ አለምነህ ሁልጊዜ ፈረቃ ላይ ነው።

«ሽርሽር መሆኑን አውቃለሁ፣ ማሪቱ» አለኝ። «ግን ተራራ ነው አሉ። ሌላ መቼ እወጣለሁ? ስለ ካሣዬ አንዴ ከፍ ካለ ቦታ ልለምን ብዬ ነበር።» ጉልበቱን ያዘና ዓይኑ እንባ ሞላ።

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ እንጃ፤ በቢሮዎቹም፣ በጉልበቱም፣ በዚያ ዳገትም። እግሬ አብጧል።

«አምጣው» አልኩትና ቦርሳውን ተሸክሜ ዳገቱን ቀጠልኩ።

ጫፍ ላይ የፋብሪካው ወጣቶች በስልክ ፎቶ ይነሳሉ። ድንጋዩን አስቀመጥኩና ሰገድኩ። የማውቀው ጸሎት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «እግዚአብሔር ሆይ፣ ካሣዬ የሚባል ሰው አለ» አልኩ። «ወንድሙ ታች ተቀምጧል፤ ደክሞታል። እኔም ደክሞኛል። በቃችሁ በለን።» ሌላ አልመጣልኝም።

ስወርድ አለምነህ እዚያው ነው።

«አደረስሽው?»

«አደረስኩት። በል አሁን ጾምህን ፍታ» ብዬ ቂጣውን ሰጠሁት።

ግማሹን ቀስ ብሎ በላ። ግማሹን ጠቅልሎ ባዶው ቦርሳ ውስጥ ከተተው።

«ጨርሰው እንጂ!» አልኩት።

«የካሣዬ ነው» አለኝ።