ለቅርጫ የደረሰው የአላስካ አፈር

ፈዋዝን በሚኒሶታ መንታ ከተሞች ያለ ወሎዬ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ትምህርቱን ገና አልጨረሰም፤ ሕዝባችን ግን ማዕረግ ሲያድል ወረፋ አያስጠብቅም። ታዲያ ማዕረጉ በነፃ አልተሰጠውም። በየሠርጉና በየለቅሶው አንዱ እጅጌውን ሰብስቦ ደም ግፊቴን እይልኝ ይለዋል፣ ሌላው ጥግ ስቦ ስለ ኩላሊቱ ያማክረዋል። ፈዋዝም «ጨው ቀንስ» ብሎ ያሰናብታል። ጨው መቀነስ ማንን ገድሎ ያውቃል?

እውነቱን አንዴ ሞክሮት ነበር። የማጠናው አፈር ነው ያለ ዕለት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «አፈር ለማየት አሜሪካ ድረስ? ወሎ አፈር አጥቶ ነው?» አሉት። አለማያ እርሻ ተምሮ፣ በሱዳን በኩል በረሃ አቋርጦ፣ አርባውን ሲጠጋ ከልጅ እግር ፈረንጆች ጋር እንደገና ተማሪ የሆነ ሰው እንዲህ ሲባል ምን ይመልሳል? ከዚያ ወዲያ አፉን ዘጋ።

ሥራው እንዲህ ነው። አላስካ ውስጥ ከአሥር ሺ ዓመት በላይ ሳይቀልጥ የኖረ መሬት አለ። እሱን በመሰርሰሪያ እያወጡ፣ ክንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ አድርገው፣ በፎይል ጠቅልለው ሴንት ፖል ወዳለው ላቦራቶሪ ያመጡለታል። በአፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ ሞተው ሳይሆን ተኝተው። መሬቱ ሲቀልጥ ርቧቸው ይነቃሉ፣ አብሯቸው የቀዘቀዘውን የድሮ ሣርና ሥር ይበላሉ፣ ይተነፍሳሉ። ትንፋሻቸው አየሩን ያሞቃል፣ የሞቀው አየር ሌላውን መሬት ያቀልጣል። ፈዋዝ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሲነቁ ምን ያህል እንደሚተነፍሱ መለካት። ለዚህ ደግሞ እሱ ራሱ በጠርሙስ ውስጥ አድርጎ እስኪቀሰቅሳቸው ድረስ እንደተኙ መቆየት አለባቸው። ቀድመው ከቀለጡ የሦስት ዓመት ልፋቱ ጭቃ ነው።

በፈረንጆቹ 1993 የእነሱ የሙታን መታሰቢያና የእኛ ዐረፋ አንድ ሳምንት ላይ ገጠሙ። በዚያው ዋዜማ የላቦራቶሪው ፍሪዘር ተነፈሰና ቀረ። ጠጋኙ ሐይቅ ዳር ካቢኑ ሄዷል። ፕሮፌሰሩም ሐይቅ ዳር ናቸው፣ የሌላው ፍሪዘር ቁልፍ የተሰጠው ሰውም ሐይቅ ዳር ነው። የምድርን መሞቅ የሚያጠና ክፍል ቅዳሜና እሑድን ተሻግሮ ማቀዝቀዝ አቃተው።

ፈዋዝ ቁራጮቹን በበረዶ ሣጥን ጭኖ ብሩክሊን ሴንተር፣ ባህሩዲን ቤት አደረሰ። ባህሩዲን ባለ ታክሲ ነው፤ ቤዝመንቱ ውስጥ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ፍሪዘር አለው። ፈዋዝ «የትምህርት ቤት ዕቃ ነው» አለው፤ ባህሩዲንም ኤርፖርት ሊሄድ እየተጣደፈ ነበርና አልጠየቀም። ፈዋዝ ግን የባህሩዲንን ሚስት ሀሲባን ያውቃታል። የኡድሂያ፣ የዐረፋው መሥዋዕት ሥጋ የሚገባበት ፍሪዘር ውስጥ ጭቃ ልታስገባ ነው? ስለዚህ ከመደርደሪያው የሥጋ መጠቅለያዋን ነጭ ወረቀት አንሥቶ እያንዳንዱን ቁራጭ በፎይሉ ላይ ደርቦ ጠቀለለ። ብልህነት መስሎት ነው። የተማረ ሰው ነዋ።

በዐረፋው ቀን ከተማ ዳር ካለ ገበሬ ዘንድ በሬ ታረደ። ገበሬው የቅርጫው ሰዎች ግቢው ውስጥ ቅጠል ጎዝጉዘው ሲጨቃጨቁ እንዲውሉ አልፈቀደም፤ ስለዚህ ሥጋው ሀሲባ ቤት መጥቶ፣ በዚያው በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ፍሪዘር ገባ። በማግሥቱ የቅርጫው አባላት ተሰበሰቡ፣ ፍሪዘሩን ገለበጡ፣ መደብ መደቡን በሰው መመዘኛ ሚዛን እየመዘኑ እጣ ጣሉ። በበረዶ የደረቀ ነገር ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ማን ይለየዋል? ያ ሁሉ ወጣት መሬት ለአራሹ እያለ በየጎዳናው ጮኾ ነበር። እነሆ መሬት በመጨረሻ፣ ያለ አንዳች አዋጅ፣ ብሩክሊን ሴንተር ቤዝመንት ውስጥ በእኩልነት ተከፋፈለ።

ፈዋዝ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ፍሪዘሩን ሲከፍት ባዶ ወለሉን አየ። ሀሲባ የሱን ድርሻ በከረጢት አቀበለችው። አንዱን ፈታው፤ ሥጋ ነው። ሌላውንም ፈታ፤ ሥጋ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«እቴ ሀሲባ፣ እዚህ የኔ ዕቃ ነበር። በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ።»

«በነጭ ወረቀት ያለው ሥጋ ነው።»

«የኔ አፈር ነው። አሥር ሺ ዓመት የቆየ።»

«ከኡድሂያው ጋር? ያውም የቆየ?»

ብዙ አለችው፤ ሁሉም አይጻፍም። ሆኖም እያጉረመረመች ስልኩን አንሥታ ደወለች፣ ሰው ሲያነሣ ግን መነጋገሪያውን ለሱ ሰጠችው። ላንተ ብዬ ነገር አላድበሰብስም፣ ራስህ ተናገር አለችው። እናም ፈዋዝ ዓመታት የሸሸውን ነገር ቤት በቤት ተናዘዘ፤ የሰው ዶክተር እንዳልሆነ፣ የሚያጠናው አፈር እንደሆነ፣ ከደረሳቸው ውስጥ ከሥጋ የከበደ ጥቅል ካለ እባካችሁ እንዳታቀልጡት። አንዷ ለመረቅ የምቀቅለው አጥንት አገኘሁ ብላ ተደስታ እንደነበር ነገረችው። አንዱ ደግሞ ያንኑ የወሎን አፈር ጥያቄ ደገመ። ፈዋዝ በዚህ ጊዜ፣ ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ በረዶ የለም ብሎ መለሰ።

ሰው በበዓል የሚበላው ትኩሱን ነው፤ ፍሪዘር ውስጥ የደረቀውን ለክረምት ያስቀምጣል። ስለዚህ ከሮዝቪል እስከ ሌክ ስትሪት እየዞረ አፈሩን ከየፍሪዘሩ ድንጋይ እንደሆነ ለቀመ። ስልክ ያላነሣው ሚካኢል ብቻ ነበር፤ ሌክ ስትሪት ከሱቅ በላይ ብቻውን የሚኖር፣ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ የሆነ ሽማግሌ።

ሚካኢል ጥቅሉን የፈታው ትናንት ነው። ሣፋ ውስጥ ቡናማ ጭቃ ተኝቷል፣ ቤቱ ረግረግ ረግረግ ይሸታል። ከኡድሂያ የደረሰ ነገር ቆሻሻ ላይ አይጣልም ብሎ ክዳን ከድኖበት ነበር። ፈዋዝ ፎይሉን ገልብጦ የተጻፈበትን የጥልቀት ምልክት አነበበ። ከጉድጓዱ ግርጌ የወጣው ነው፤ ከዚያ ጥልቀት ያለው ይኸው አንድ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው የፈዋዝን ፊት አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መልሰህ በረዶ ውስጥ አድርቀዋ። በአንተና በኔ ይቅር። ማን ያውቃል?»

ፈዋዝ ሣፋው ላይ ጎንበስ አለ። ይህን እንዳላሰበ አድርጌ ብጽፍ ስሙን ሳይሆን ወረቀቴን አረክሳለሁ። ምልክቱ አልጠፋም፣ ፕሮፌሰሩ አልተመለሱም፣ ከዚህ ባነሰ ነገር ዋሽተው ካባ የለበሱ ሞልተዋል። ከጭቃው ላይ አንዲት አረፋ ብቅ ብላ ፈነዳች። ሌላም ተከተለች።

«እነሱ ያውቃሉ፣ ጋሼ ሚካኢል።»

«እነማን?»

«እኚህ። ነቅተዋል፣ እየተነፈሱ ነው። ተኝተው ነበር ብዬ ብጽፍ በየቁጥሩ ያሳጡኛል።»

ሚካኢል በርጩማ ስቦ ከሣፋው አጠገብ ተቀመጠ። ከመቼ ጀምሮ እንደተኙ ጠየቀ፣ ምን እንደሚበሉ ጠየቀ። ፈዋዝ ለፈረንጅ እንኳ እንዲያ ዘርዝሮ አያውቅም። ፈዋዝ ሲጨርስለት ሽማግሌው፣ እኔም ከሚኒሶታ ክረምት ስነቃ እንደዚሁ ነኝ አለ። ፈዋዝ የራሱን የሥጋ ድርሻ ትቶለት ወጣ።

ፕሮፌሰሩ ታሪኩን ከቅርጫው ጀምሮ ሰሙ። እንደ አገራቸው ሰው ቃል ቆጣቢ ናቸው፤ መስኮቱን አይተው «ዌል» አሉና ያን ጥልቀት ከጥናቱ ሰረዙት። ፈዋዝም ትምህርቱ ላይ አንድ ዓመት ተጨመረበት። ዶክተር የሆነው በመጨረሻ ነው፤ ሕዝባችን ቀድሞ ሰጥቶት ስለነበር ማንም እንኳን ደስ አለህ አላለውም።

ጥናቱ ሲታተም አንድ ሥዕል ነበረው፤ ነጠብጣቦች በየጥልቀታቸው በመስመር ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ግርጌው ጋ ሲደርሱ አንዱ ስፍራ ባዶ ነው። ፈዋዝ ያችን ገጽ ኮፒ አድርጎ ለሚካኢል ወሰደለት። ሚካኢልም ፍሪጁ በር ላይ ለጠፋት። እንግዳ ምንድን ናት ብሎ ሲጠይቀው ጣቱን ባዶው ላይ ያሳርፋል።

«ይቺ የኔ መደብ ናት።»