ስንዴው በየት በኩል ገባ?

ተጠራጣሪ ሆኜ ነው የተወለድኩት። እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ መሸጥ ስጀምር ደግሞ ትምህርቴን ጨረስኩ። ገዢ አብዝቶ ከሳቀልኝ ጣቃ እንዳልጎደለ ዞሬ አያለሁ። ባሌ ስጦታ ይዞ ከገባ ምን እንዳጠፋ እጠይቀዋለሁ። ስለዚህ ሐኪሙ «ከዛሬ ጀምሮ ልጅሽ የምትቀምሰውን ሁሉ ተቆጣጠሪ» ሲለኝ፣ ሥራው ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ መሰለኝ።

ልጄ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ሆዷ ተነፍቶ፣ እጅና እግሯ ቀጥኖ፣ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ አጥራ ቀርታለች። ጃርዲያ ነው ተባለ፣ ወስፋት ነው ተባለ፣ ዓይን በልቷት ነው ያለም አልጠፋ። በመጨረሻ አንድ የሕፃናት ሐኪም ደሟን ወደ አዲስ አበባ ልኮ ሲሊያክ የሚባል በሽታ መሆኑን ነገረን። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚሉት ነገር አንጀቷን ያቆስለዋል። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ መድኃኒቱ አለመብላት ነው።

«ትንሽ ብትቀምስስ?» አለ ባሌ።

«ፍርፋሪም ቢሆን አይሆንም» አለ ሐኪሙ። ደሟ በየጊዜው ይመረመራል፤ የምርመራው ቁጥር ከወረደ አንጀቷ እየዳነ ነው፣ ካልወረደ ስንዴው ከሆነ ቦታ እየገባባት ነው። የቀረባትን ቁመት የምታገኘውም ቶሎ፣ በልጅነቷ ከዳነች ነው። ሌላው ሁሉ ቢጠፋኝ ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም።

ጤፉን ራሴ ገዝቼ፣ ራሴ አበጥሬ፣ ማንም ስንዴ ሳያስፈጭ ወፍጮ ቤት እደርስ ጀመር። ፈጪው ሲያየኝ «እናት፣ ወፍጮውን አጥቤ ዉዱእ ላስደርግልሽ?» ብሎ ይቀልዳል። እርሾ ከጎረቤት መበደር ተውኩ፤ ከማን ቡሆ ውስጥ ምን እንደገባ ማን ያውቃል? የባሌ ነገር የባሰ ነበር። ኮምቦልቻ ዱቄትና ፓስታ በጅምላ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ የምንኖረው በስንዴ ነው ማለት ይቻላል። ማታ ሲመጣ በር ላይ ልብሱን ሳይቀይር ልጁን እንዳያቅፍ ከለከልኩት። «ወላሂ፣ ኬላ ላይ እንኳ እንዲህ ተፈትሼ አላውቅም» እያለ በካልሲ ቆሞ ሱሪውን ያራግፋል።

የመጀመሪያው የክትትል ውጤት ሲመጣ ቁጥሩ እንዳለ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ ትክ ብሎ አየኝና «ቤትሽን ካመንሽው ውጪ ፈልጊ» አለኝ። ፍለጋው ብዙ አላደከመኝም። ወዲያው አማቴ፣ የባሌ እናት፣ በሐሳቤ መጡብኝ።

አማቴ ሐርቡ ነው የሚኖሩት። ልጄ ትምህርት በሌለ ቀን ከአባቷ ጋር ትወርድና አያቷ ዘንድ ትሰነብታለች። ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ፣ ወሬዋ አያልቅም። ይኼን ራሱ ጠረጠርኩት፤ ልጅ እንዲህ የሚደሰተው የተከለከለ ሲያገኝ ነው። በዚያ ላይ አማቴ በሽታው የተነገራቸው ዕለት «ስንዴ? የአላህ እህል?» ብለው ከንፈራቸውን መጥጠው ነበር። ያቺን መምጠጥ አልረሳሁላቸውም።

አንድ ቅዳሜ ሳልነግራቸው በሚኒባስ ወረድኩ። አሰላሙ ዐለይኩም ብዬ እንደገባሁ «ውሃ ጠምቶኛል» አልኩና ጓዳ ዘለቅሁ። ጣሳውን ከፈትኩ፤ የማሽላ ዱቄት። ከረጢቱን ፈታሁ፤ ጤፍ። ሌላው ሽንብራ። ግድግዳው ላይ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ ድስት ተሰቅሏል፤ ጨርቁን ገለጥኩት። ዞር ስል አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ያገኘሽው አለ?»

«እናቴ፣ ውሃ ፈልጌ ነው።»

«ውሃው ደጅ ነው። ያ ድስት የልጅቱ ነው፤ ለራሴም አልሠራበት። ስንዴ ከዚህ ቤት ከወጣ ቆየ። እንግዳ እንኳ ዳቦ ይዞብኝ ቢመጣ ለጎረቤት ነው የምሰደው። ወላሂ፣ በዚህ በሸመገለ አፌ ልዋሽሽ?»

ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ይዋጠኝ ይል ነበር። እኔ ግን ገበያ መሃል ያደግሁ ነኝ፤ ወላሂ ያበዛ ነጋዴ ጋ ዕቃ አልገዛም። የድስቱ ንጽሕና ራሱ አላማረኝም። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ደሴ እንደተመለስኩ ልጅቱ ሐርቡ አትሄድም አልኩ። ባሌ ተቆጣ፣ ቆይቶ ለመነኝ። ልጄ አላለቀሰችም። «እስክድን ነው?» ብቻ አለችኝ። «እስክትድኚ ነው» አልኳት።

ቀጣዩ ውጤት መጣ። ቁጥሩ ከፊተኛው ጨምሯል። የሐርቡን መሬት ሳትረግጥ! ጤነኛ ሰው ቢሆን «አማቴን በድያለሁ» ይላል። እኔ ያልኩት «በሰው እየላኩላት ነው» ነው። ከሐርቡ የሚመጣውን የሚኒባስ ረዳት ሁሉ በጎሪጥ አይ ጀመር። የልጄን ቦርሳ በረበርኩ፣ ኪሷን ገለበጥኩ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትገባ በር ላይ አቁሜ «አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። ከፈተች። ጥርሷ መሃል የነበረው የራሴ እንጀራ ነው። በዚያው ሰሞን ለዒድ ጫማ ልገዛላት ወስጃት ያምናው ቁጥር ልክክ አለላት። ሻጩ «ማሻ አላህ፣ እግሯ ገንዘብ አያስወጣችሁም» ብሎ ሳቀ። ሱቁ ውስጥ እንባዬ መጣ፤ ሳል ያዘኝ ብዬ ወጣሁ።

ሆጤ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሴቶቹን ሰብስበው ዱዓ የሚያስደርጉ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። ልጄ ከታመመች ጀምሮ ስሟን እየጠሩ ዱዓ ያደርጉላታል፤ ከቁርዓን ቤት ስትወጣ ወደዚያ እንድትሄድ ያዘዝኳትም እኔው ነኝ። ከደሴ ቤቶች ሁሉ ያልጠረጠርኩት አንድ ቤት ቢኖር እሱ ነው። እንዲያውም አንድ ሐሙስ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ወደዚያው ሄድኩ። ልጄን ተደብቆ የሚያበላውን ሰው አላህ እንዲያጋልጥልኝ ዱዓ እንዲያደርጉልኝ ልለምን ነው የሄድኩት።

አላህ አላስለመነኝም። በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ሴቶቹ አሚን፣ አሚን ይላሉ። ልጄ እማማ ፊት ተንበርክካለች። እማማ ፊታቸው ካለው ድፎ ዳቦ ቁራሽ ቆርሰው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «ያ ረቢ፣ ይቺን ልጅ አፊያ አርግልን፣ ቁመቷን አርዝምልን» አሉ። ቱፍ ቱፍ ብለው ባረኩና ቁራሹን አፏ ውስጥ አስገቡት። አኝካ ዋጠች። ከዚያ አፏን ደግማ ከፈተች፤ እማማም ሌላ ቆረሱ።

«እማማ! ስንዴ ነው እኮ!» ብዬ ስጮህ ሴቶቹ ሁሉ ብድግ አሉ።

እማማ አልደነገጡም፤ ግራ ነው የገባቸው። «ስንዴ እንደማይስማማትማ እናውቃለን ልጄ። ባለፈው አንዷ ብስኩት ብትሰጣት ከእጇ የነጠቅኩ እኔ ነኝ። ይኼ ምግብ መሰለሽ? ዱዓ ያረፈበት እኮ ነው። ዱዓ የተደረገለት ሰው ካልቀመሰው በረካው በምን ይደርሰዋል?»

ሴቶቹ እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰፈሩ በሙሉ ልጄን ከስንዴ ሲጠብቅልኝ ከርሞ፣ ሐሙስ ሐሙስ በስንዴ ሲያድናት ኖሯል። ዱዓ ያረፈበትም ስንዴ አንጀቷ ሲደርስ ያው ስንዴ መሆኑን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። እማማ ዳቦውን አዩ፣ ልጄን አዩ፣ የቆረሱትን ዳቦው ላይ መለሱት። «አዑዙ ቢላህ! በገዛ እጄ? ታዲያ በምን ላድርግላት?» አሉኝ። «በተምር» አልኳቸው።

ከዚያ ወደ ልጄ ዞርኩ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን በላሽ ነበር የምትይኝ» አለች። «ይኼ ዱዓ ነዋ።»

«እሺ፣ ሁለት ጊዜ ለምን?»

አንገቷን ደፋች። «የመጀመሪያው ለበሽታዬ ነው። ሁለተኛውን እኔ ነኝ እማማን የለመንኳቸው።»

«ለምን ብለሽ?»

«አያቴ ጋ እንድትልኪኝ። ሐርቡ አትሄጂም ካልሽኝ ጀምሮ ነው።»

ቁጥሩ ለምን እንደጨመረ ያኔ ገባኝ። እማማ ዳቦውን በጨርቅ ሸፍነው ወደ ጓዳ ይዘው ገቡ። እኔ እዚያው በሩ ላይ፣ አንድ እግሬን ጫማ እንዳደረግሁ፣ ስልኬን አውጥቼ ሐርቡ ደወልኩ። ዐውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ የሚለውን ቃል አፌ ላይ ይዤዋለሁ። አማቴ ድምፄን እንደሰሙ ሰላምታውን እንኳ ሳያስጨርሱኝ «ልጅቱ ደህና ናት?» አሉኝ።